ሦስት መሥሪያና አንድ የወይራ ገበጣ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ሳይሆን ስልክ ከሰው መዳፍ ላይ አልላቀቅ ባለበት በዚሁ በእኛ ዘመን፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ እትዬ ራህመት የሚባሉ ሴት ይኖሩ ነበር። እትዬ ራህመት በሁለት ነገር ይታወቃሉ። አንደኛው ገበጣ ነው። ከእሳቸው ጋር የተጫወተ ሰው ተሸንፎ ብቻ አይነሳም፤ «ያቺን ጠጠር እዚያ ቤት ባትጥላት ኖሮ እኮ» እያሉ ቁስሉ ላይ ጨው ነስንሰው ነው የሚሸኙት። ሁለተኛው ኩራታቸው ነው። ስለ እሱ ብዙ ማውራት አያስፈልግም፤ ታሪኩ ራሱ ያወራዋል።

ገበጣው ከወይራ እንጨት የተፈለፈለ ነው። አባታቸው በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት። ስድስት ቤት በወዲህ፣ ስድስት ቤት በወዲያ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ስንት ጣት ስለገባበት የቤቶቹ ጠርዝ ልስልስ ብሏል። በዚያ ቤተሰብ ዘንድ ይህ ገበጣ ለበኩር ልጅ አይወረስም፣ በኑዛዜም አይተላለፍም። ባለቤቱ በቁሙ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ «የሚገባው ለእገሌ ነው» ብሎ ይሰጣል። አባትየው በጊዜያቸው ለራህመት ሰጡ። ታናሽየዋ ከድጃ ያን ቀን ምንም አላለችም። ታሪኩን ከእትዬ ራህመት ወገን ቆመን ስለምንናገር፣ እኛም እንደ እሳቸው ከድጃን አንቱ ሳንላት እንቀጥላለን።

ሁለቱ እህትማማቾች ከልጅነት እስከ እርጅና ከአሱር ሶላት በኋላ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ ኖሩ። ኋላ ግን ከድጃ ልጇ ሎግያ ሥራ ይዞ ስለነበር ወደ እሱ ሄደች። እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን ሌላ ተጫዋች ይፈልጋል። እነሱ ያደረጉት ግን ከእነሱ በቀር ማንም የማያደርገውን ነው፤ ገበጣን በስልክ መጫወት ጀመሩ። አንዷ ሐይቅ ላይ፣ አንዷ ሎግያ ላይ ገበጣ ዘርግተው፣ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ያስቀምጡታል። «ከሦስተኛው ቤት አንስቻለሁ» ትላለች አንዷ፤ ሌላዋ ያንኑ ጠጠር በራሷ ገበጣ ላይ አንስታ ትዘራለች። አንዲት ጠጠር በስህተት ሌላ ቤት ከገባች ሁለቱ ገበጣዎች ሁለት የተለያየ ዓለም ይሆናሉ። ይህን ሁለቱም አላሰቡትም።

አንድ ቀን ከድጃ «ከአምስተኛው አንስቼ በላሁ» አለች። እትዬ ራህመት እንደተባሉት በራሳቸው ገበጣ ላይ አንስተው ዘሩ፣ የተበላውንም አነሱ። ቀና ብለው ሲያዩ በእሳቸው በኩል ያሉት ስድስቱም ቤቶች ባዶ ናቸው። ደማቸው ፈላ። በእነሱ አገር ገበጣ ተጋጣሚን ይበሉታል እንጂ አያስርቡትም። በባላጋራህ በኩል አንድም ጠጠር የማታስቀር ከሆነ፣ መሸነፍህን ብታውቅ እንኳ ሌላ ቤት አንስተህ ለእሱ ትዘራለታለህ። ማስራብ ነውር ነው።

«አስራብሽኝ!» አሉ።

«ኧረ በአላህ! በአንቺ በኩል ሁለት ጠጠር አለ እኮ።»

«የት ነው ያለው? ጠጠር ሰርቀሽ ስታበቂ ታስርቢኛለሽ? ሌባ!»

ስልኩ ተዘጋ። እነሆ ረመዳን ገብቶ ወጣ፣ ኢድ መጣ፣ አረፋም ደረሰ፤ ማንም ለማንም አልደወለም። እትዬ ራህመት ታላቅ ናቸው፣ ታላቅ ቀድሞ አይደውልም። ከድጃ ደግሞ ሌባ ተብላለች፣ ሌባ የተባለ ቀድሞ አይደውልም። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሁለት አሮጊቶች በአንዲት ጠጠር ምክንያት ያለ እህት ሊያረጁ ሆነ።

በአረፋ ቀን ቤቱ ሞልቷል። ምሳ ተበልቶ፣ ስልኩ ዝም እንዳለ ሲቀር፣ እትዬ ራህመት ከግድግዳው ላይ ገበጣውን አውርደው ጭናቸው ላይ አደረጉት። «የከድጃን እጅ ወደዚህ ገበጣ ለመለሰልኝ ሰው፣ ገበጣው የእሱ ነው» አሉ ሁሉም እየሰማ። ቀጥለውም «ደግሞ ናፍቃኝ እንዳይመስላችሁ። ላሸንፋት ነው» ብለው አከሉ። ናፍቃቸው ነበር። ሰውነታቸው እስኪሳሳ ድረስ ናፍቃቸው ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ነገሩን ሦስት የልጅ ልጆቻቸው ያዙት፤ ሙስጠፋ፣ ሐናንና ይመር፣ የሦስት ወንድማማቾች ልጆች። ሙስጠፋ ችኩል ነው፣ ግን የጀመረውን ይጨርሳል። ሐናን እንደ አያቷ ግትር ናት። ይመር ወሬ ይወዳል፤ ከማያውቀው ሰው ጋር ታክሲ ውስጥ ገብቶ ሲወርድ የቤተሰቡን ስም ዘርዝሮ ያውቃል። ሦስቱም ስልክ ላይ ጨዋታ ሲጫወቱ ያደጉ ናቸው፣ አንዳቸውም ግን ጨዋታ ሠርተው አያውቁም። በስልክ የሚሠራ ገበጣ ለመሥራት ወዲያው ተስማሙ። በምን እንሥራው ሲባል ነው ቤቱ የታመሰው።

«ለጀማሪ የሚሆን አለ» አለ ሙስጠፋ። «ባለቀለም ጡብ ነው፣ እየጎተትክ ትገጣጥመዋለህ። አንዱ ጡብ ‹ሲነካ› ይላል፣ ሌላው ‹ጠጠሩን አንቀሳቅስ› ይላል። አንድ መስመር አትጽፍም። በሳምንት ያልቃል።»

«በሳምንት ያልቅና በሁለተኛው ሳምንት ግድግዳ ትመታለህ» አለች ሐናን። «በዚያ ሁለት ስልክ ማገናኘት አይቻልም። እኔ ትእዛዙን ራሴ የምጽፍበትን ነው የምይዘው። ባዶ ገጽ ነው፣ ይከብዳል። ግን እምቢ የሚለው ነገር የለም።»

ይመር ሳቀ። «ምን አደከማችሁ? ተሠርቶ ያለቀ አለ እኮ! የባሕር ማዶ ሰዎች የገበጣ ዘመድ አላቸው። ሥዕሉን ቀይር፣ ድምፁን ቀይር፣ አለቀ።»

እትዬ ራህመት ከማእዘን ሆነው ያዳምጡ ነበር። ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት ጥቂት ነው፣ ስለ ሰው ግን ብዙ ያውቃሉ። «ገባኝ» አሉ። «አንዱ በተዘጋጀ ጡብ ሊገነባ፣ አንዷ ድንጋይ ልትጠርብ፣ አንዱ የተሠራ ቤት ሊከራይ። ታዲያ ምን ያጨቃጭቃችኋል? ሁላችሁም ሥሩ። ማን ቤት እንደምገባ እኔ አውቃለሁ።»

ሙስጠፋ እንዳለው በሳምንቱ መጣ። ስልኩን አያቱ ጭን ላይ አስቀመጠው። ቡናማ ገበጣ፣ ነጭ ጠጠር፤ ሲነኩት ይዘራል፣ ሲበላም ይበላል። ተጋጣሚው ራሱ ስልኩ ነው። እትዬ ራህመት በመጀመሪያ ጣታቸውን እንደ ማኅተም እየጫኑ ጠጠሩን በአንዴ ሦስቴ ያዘሩት ነበር። ትንሽ ቆይተው ግን እጃቸው ለመደ፤ ስልኩንም እንደ ሰው እያሙ፣ እየመከሩ፣ «አንተ ልጅ ይሄ ይጎዳሃል» እያሉ መጫወት ያዙ። ሙስጠፋ በኩራት ቆሞ ያያል። ከእህታቸው ከተጣሉ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላያቸውም ነበር።

በድንገት ስልኩን ከጭናቸው ላይ ወረወሩት።

«አሳዳጊ የበደለው ስልክ!»

«ምን ሆኑ እማማ?»

«አስራበኝ! ባዶ ቤት አስቀምጦኝ እሱ ይበላል!»

«በደንቡ መሠረት እኮ መብላት ይችላል…»

«የማን ደንብ?»

«እርስዎ የነገሩን። ማስራብ አይቻልም ብለውን አያውቁም።»

እትዬ ራህመት የወረወሩትን ስልክ አነሱ። እውነቱን ነው፤ ተናግረው አያውቁም። ከድጃም አልተናገረችም፣ አባታቸውም አልተናገሩም። ልጆቹ በዚያ ገበጣ ላይ ሲጫወቱ አድገዋል፣ ሲራብ ያዩት ሰው ስለሌለ ግን ደንብ መኖሩን አያውቁም። ለሰው ሁሉ ግልጽ የሆነ ነገር ለስልክ ካልነገሩት አይገባውም። ሙስጠፋ የዚያኑ ቀን ሁለት ጡብ ጨምሮ ስልኩን ጨዋ አደረገው። «ሰውና ሰው ሲጫወቱስ ልከልክል?» ብሎ ሲጠይቅ ግን እትዬ ራህመት ጣታቸውን አነሱ። «ለስልክ ከልክለው፣ ስልክ ነውር አያውቅም። ለሰው አትከልክል። ሰው የሚለየው ማስራብ እየቻለ ሳያስርብ ሲቀር ነው።»

የሙስጠፋ ጨዋታ ያማረ ነበር፣ ያለቀም ነበር። ችግሩ አንድ ነው፤ ሎግያ አይደርስም። ከአንድ ስልክ አይወጣም። መሥሪያው ያን የሚያህል ጡብ አልነበረውም፣ ሙስጠፋም ያለውን ሁሉ ደርድሮ ጨርሷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እያለች ሐናን አበሸቀችው።

እሷ ራሷስ? እሷማ ባዶ ገጿ ላይ ነበረች። ሙስጠፋ በጨረሰበት ሳምንት ሐናን ያሳየችው በጥቁር መስኮት ላይ አንዲት ነጭ ክብ ነው።

«ይቺ ምንድን ናት?» አሉ እትዬ ራህመት መነጽራቸውን ከፍ አድርገው።

«ጠጠር ናት እማማ።»

«አንድ ጠጠር? በዚህ አያያዝሽ ገበጣው የሚደርሰው ለልጅ ልጆችሽ ነው።»

ሐናን ወደ ገጿ ተመለሰች። የሙስጠፋን ጡቦች አንድ በአንድ እያየች፣ እሱ በቀለም የገጣጠመውን እሷ በቃል ጻፈችው። ጠጠሮቹ ሲዘሩ ሁልጊዜ አንድ ቤት እየዘለሉ አስለቀሷት። ኮምፒውተሩ የመጀመሪያውን ቤት አንድ ብሎ ሳይሆን ዜሮ ብሎ እንደሚቆጥር የገባት ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ነው፤ «ዜሮ ቤት! ዜሮ ቤት!» እያለች ግቢውን ስትዞር ጎረቤት ደህና መሆኗን ሊጠይቅ መጣ። ክረምቱ ገባ፣ ቀስ በቀስ እንቁላሉም እግር አወጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሐናን ስልኳ ላይ አንድ ጠጠር ስትጥል፣ ደሴ ያለች ጓደኛዋ ስልክ ላይ ያቺው ጠጠር ወደቀች። አንድ ገበጣ፣ ሁለት ከተማ። ከእንግዲህ ወዲያ ጠጠር ተሳስታ ሁለት ዓለም አትሆንም።

ይመር ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ወድቋል። የተከራየው ቤት አልሆነለትም። ዝግጁው ጨዋታ በግራና በቀኝ ሁለት ትልልቅ ጉድጓድ አለው፤ ይመር ቀለማቸውን መቀየር ይችላል፣ ማንሳት ግን አይችልም። «እነዚህ ምንድን ናቸው?» አሉት አያቱ። «የበሉትን የሚያጠራቅሙበት ጎተራ ነው እማማ።» «ገበጣ ላይ ጎተራ ምን ያደርጋል? የበላኸውን ጭንህ ላይ አይደል የምታስቀምጠው?» ነገሩ በዚሁ አለቀ። የቀረለት ነገር ቢኖር ሥዕልና ድምፅ መቀየር መቻሉ ብቻ ነው። በዚህ ግን ከሁለቱ ይልቅ የሠለጠነ ሆኗል፣ ሌላ የሚነካው አልነበረውማ።

ሌላው ቢሆን አኩርፎ ይቀመጥ ነበር። ይመር ግን ወሬ ሳያወራ አይውልምና ሎግያ ደወለ። «እማማ ከድጃ፣ የሠራሁትን ጨዋታ ሥዕል በስልክዎ ልኬልዎታለሁ፣ እንዴት ነው?» አላት። «ማሻአላህ! ምን ያለ የሚያምር ቀለም ነው» አለች ከድጃ። ይመር አመስግኖ ሊዘጋ ሲል ስልኩን አየው። መስመሩ ተጨናንቆ ሥዕሉ ገና አልሄደም ነበር።

«ታዲያ ያደነቁት ምኑን አይተው ነው?» አለ ይመር በልቡ። ከዚያ ለከድጃ ልጅ ደወለ፣ ለምኖም አናገረው። የእናቱ በሽታ ስኳር ነው። ስኳሩ ዓይኗን ቀስ እያለ ወስዶታል፤ ገበጣውን በስልክ ሲጫወቱ ራሱ ከድጃ የምትዘራው በዳበሳ ነበር። ልጇን አስምላዋለች። «ራህመት እንዳትሰማ» ብላዋለች፤ «ስታዝንልኝ ከምሰማት ሌባ ብላኝ ብትኖር ይሻለኛል።»

በማግስቱ ይመር እውነተኛውን ገበጣ ከግድግዳ አውርዶ፣ ስልኩን አጠገቡ አድርጎ፣ በእያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ጠጠር እየጣለ ድምፁን ይቀዳ ጀመር። ጥልቁ ቤት ወፍራም ድምፅ አለው፣ ጠርዙ የተሸረፈው ቀጭን ነው። እትዬ ራህመት አጠገቡ ቆመው «ምን እየሠራህ ነው?» አሉት። ሊዋሽ አሰበ፣ አልሆነለትም። ነገራቸው።

እትዬ ራህመት ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። የዚያን ቀን ጨዋታ መልሰው በልባቸው ተጫወቱት። ከአምስተኛው ቤት አንስታ በላች፤ በእሷ ገበጣ ላይ የራህመት ወገን ባዶ አልነበረም። በጣቷ ዳብሳ ሁለት ጠጠር አግኝታ ነበር። አልሰረቀችም፣ አላስራበችም። አለቀሱ፣ ይመር ፊት፣ መሐረብም ሳይፈልጉ።

«አሁኑኑ ይደውሉላታ» አላቸው ይመር።

«አልደውልም» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ዛሬ ብደውል ከንፈሬን መጥጬላት ነው የሚመስላት። ገበጣ እገጥማታለሁ። ገበጣ ላይ አዝኜላት አላውቅም፤ አሁንም አላዝንላትም።»

እንዲህ ሆኖ የይመር ድምፅ ከሐናን ጨዋታ ውስጥ ገባ። በጣት አንዴ ሲነኩት ቤቱ ስንት ጠጠር እንዳለው በሁለቱም ስልክ ላይ በይመር ድምፅ ይናገራል፤ ሁለቴ ሲነኩት ይዘራል። ጠጠሩም በወደቀበት ቤት ሁሉ የዚያን የወይራ ገበጣ ድምፅ ያሰማል። የሙስጠፋ ደንብም ገባ፣ ሰውን የማይከለክለው። ይመር አውቶቡስ ተሳፍሮ ሎግያ ወረደና ስልኩን ከከድጃ እጅ ላይ አኖረው። «እማማ ራህመት ግጠሚኝ ብለዋል» አላት። ሌላ ምንም አልተናገረም። ከድጃ ስልኩን ዳሰሰችው፤ ሦስተኛውን ቤት ነክታ ጠጠሩ ሲወድቅ ሰማች። «ይሄ የአባባ ገበጣ ነው» አለች ቀስ ብላ። «በዓይኔ ሳይሆን በእንቅልፌ አውቀዋለሁ።»

ከአሱር በኋላ ጀመሩ። ሐይቅ ላይ ቤቱ ሰው ሞልቶ ትንፋሽ የለም። እትዬ ራህመት እንደ ቃላቸው አላዘኑላትም፤ ባገኙት ቤት ሁሉ በሉ። ከድጃም አልተኛችም፤ እያዳመጠች፣ እየቆየች፣ ከማይጠበቅ ቤት እያነሳች አስደነገጠቻቸው። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲደርስ በእትዬ ራህመት በኩል የቀረው ጥቂት ጠጠር አንድ ቤት ውስጥ ተሰብስቧል፣ ተራው የከድጃ ነው። እትዬ ራህመት ገበጣውን አዩና የሚመጣውን አወቁ። ከድጃ ከአምስተኛው ቤት ካነሳች ያንን ቤት ትበላለች፣ የእሳቸው ወገን ባዶ ይቀራል፣ ጨዋታውም በእሷ አሸናፊነት ያልቃል። ያንኑ ቤት፣ ያንኑ ጠጠር። የሚከለክላት ደንብ የለም፤ አትከልክሉ ያሉት ራሳቸው ናቸው።

ከስልኩ ውስጥ የይመር ድምፅ ተሰማ። ከድጃ አምስተኛውን ቤት እየነካች ነው። ቁጥሩን ሰማች፣ ዳግም ግን አልነካችውም። የተጋጣሚዋን ቤቶች አንድ በአንድ ነካቻቸው፤ ከአንዱ በቀር ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ ይላል ድምፁ። ከዚያ ስድስተኛውን ቤት አነሳች። ውስጡ ያለችው አንዲት ጠጠር ናት። ጠጠሯ ተሻግራ ከእትዬ ራህመት የመጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ከዚያ ጠርዙ ከተሸረፈው፣ በቀጭን ድምፅ ወደቀች።

«ዘራችልኝ» አሉ እትዬ ራህመት። የራሳቸውን ስልክ አንስተው ደወሉ፤ ታላቋ፣ ቀድመው።

«ከድጃዬ፣ አፉ በይኝ።»

«ተራሽ እኮ ነው» አለች ከድጃ። «ምን ይዘሽ ትቀመጫለሽ? ተጫወቺ!»

ያን ቀን ማን እንዳሸነፈ ሁለቱ እስከ ዛሬ እየተከራከሩ ነው፤ እኛ አንገባበትም። እኛን የሚያገባን ገበጣው ነው። እትዬ ራህመት ቃል ገብተዋል፣ የገቡትም ሰው በተሰበሰበበት ነው። ይመር ከሎግያ እንደተመለሰ ሦስቱም መጥተው ፊታቸው ተቀመጡ።

«የጀመርኩት እኔ ነኝ» አለ ሙስጠፋ። «እነሱ ገና ሲያወሩ እኔ ጨርሼ ነበር። ቀላሉን መሥሪያ ባልመርጥ እርስዎ ስልክ አይነኩም፣ የማስራቡን ነውር ማንም አይነግረንም፣ ሐናንም የምታየው ነገር አይኖራትም።»

«የተጫወታችሁበት የእኔ ነው» አለች ሐናን። «ከባዱን መርጬ ክረምቱን ሙሉ የደከምኩበት። የእሱ ከዚህ ክፍል አይወጣም፤ የይመርማ ገበጣ እንኳ አልነበረም።»

«ልክ ናት፣ የእኔ ወድቋል» አለ ይመር። «ግን ሁለታችሁም ለማን እንደምትሠሩ አታውቁም ነበር። እኔ ባልደውል፣ ያ ሁሉ ሥራ ለማታይ ሴት የተላከ ሥዕል ሆኖ ይቀር ነበር።»

እትዬ ራህመት በፍርድ ተቸግረው አያውቁም፤ ያን ቀን ግን ተቸገሩ። ገበጣው ለሦስት አይሰነጠቅም። አራት አራት ቤት ይዞ መሄድ የሚባል ነገር የለም። ሎግያ ደውለው ከድጃን አማከሯት።

ከድጃ ከት ብላ ሳቀች። «አባባ ገበጣውን ለአንቺ ሲሰጡሽ ማን አማከረኝ?» ሳቋ ሲያልቅ በሌላ ድምፅ ተናገረች። «እትዬ፣ ያን ቀን ዝም አልኩ እንጂ አልተቀበልኩም። ሌባ ስትዪኝ ያመመኝ ለዚህ ነው። የእኔ ነው ስል የኖርኩትን ገበጣ፣ ሰረቅሽ አልሽኝ። ስለዚህ ለማን እንደምትሰጪ ብቻ አታስቢ፤ ላልሰጠሻቸው ሁለቱ ምን ብለሽ እንደምትነግሪያቸውም አስቢ።»

እትዬ ራህመት ስልኩን ዘግተው ገበጣውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። እህታቸውን አግኝተዋል፣ ቃላቸው ግን ገና ዕዳ ነው። ካልሰጡ ቃል ያጥፋሉ። ከሰጡ ደግሞ እንደ አባታቸው በማያሳምን ፍርድ ሰጥተው፣ ሌላ ከድጃ ፈጥረው ሊያልፉ ይችላሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤታቸውን ደጃፍ የረገጠ እንግዳ ሁሉ ከወንበር በፊት ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ጎረቤቱ ለሐናን ፈረደ፣ ሚስቱ ለይመር፣ ከመስጊድ የመጡት ሽማግሌ «ነገር የሚያስጀምር ሰው ይከበር» ብለው ለሙስጠፋ። ማንም ማንንም አላሳመነም።

ስለዚህ ተራው የእናንተ ነው። አንዱ ቀላሉን መሥሪያ መርጦ ቶሎ ጨርሶ፣ በስህተቱ የተደበቀውን ደንብ አወጣ። አንዷ ከባዱን መርጣ፣ ዘግይታ፣ ሁለቱን እህትማማቾች በአንድ ገበጣ ላይ አስቀመጠች። አንዱ የማይሆነውን መርጦ ወደቀና፣ ከወደቀበት ሆኖ ማንም ያላየውን አየ። ፍርዳችሁ ሁለቱን ባዶ ቤት እንዳያስቀራቸው ተጠንቀቃችሁ ንገሩን፤ የወይራው ገበጣ የሚገባው ለማን ነው?